የጎረሰ ጠመንጃ

በአማርኛ ቋንቋ ጠመንጃ «ይጎርሳል» ይባላል። አፍ አለው፤ አፉም አፈሙዝ ነው። ዛሬ ጥይት ከነቀለሁ ከኋላ በኩል ስለሚገባ አነጋገሩ የዘይቤ ብቻ ይመስላል። ለአያት ቅድመ አያቶቻችን ጠመንጃ ግን ቃሉ ዘይቤ አልነበረም። ያ መሣሪያ በእርግጥም በአፉ ይጎርስ ነበር፤ መጀመሪያ ባሩዱን፣ ቀጥሎ ጨርቁንና እርሳሱን፤ ይህም ሁሉ በዘንግ እየተጠቀጠቀ ወደ ሆዱ ይወርዳል። የጎረሰውን የሚተፋውም በዚያው በአፉ ነው። ካልተፋው ደግሞ እንደጎረሰ ይኖራል፤ አንድ ዓመት ሳይሆን መቶ ዓመትም ቢሆን።

«ነፍጥ» የሚለው ቃል መነሻው ነዳጅ ነው። ናፍታ ከሚባለው ተቃጣይ ዘይት ስም የመጣ ሲሆን፣ በሳሪስ በኩል ቀንና ሌሊት ወደ ደብረ ዘይት የሚተሙት ከባድ መኪናዎች የሚጠጡት ናፍጣ የሥጋ ዘመዱ ነው። «ጠመንጃ» ደግሞ ቱርኮች ሽጉጥን ከሚጠሩበት ቃል ጋር ይያያዛል። አንዳንድ ጸሐፍት «ጠብ መንጃ» በሚል አኳኋን የሚጽፉት የቃሉን ታሪክ ተከትለው ሳይሆን የመሣሪያውን ግብር አይተው ይመስላል፤ ፍቺው ግን ክፉ ፍቺ አይደለም። ነፍጥ የያዘው ነፍጠኛ ተባለ፤ ነፍጥ ያልነበረው ገበሬ ገባር ሆኖ እህሉንና ጉልበቱን አስረከበ። ያው ነፍጥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የወራሪውን ጦር መለሰ። ስለዚህም የአንድ አሮጌ ጠመንጃ መኖር በአንዱ ቤት ኩራት፣ በሌላው ቤት መራራ ትዝታ ሊሆን ይችላል።

በአፉ የሚጎርሰው ጠመንጃ በአገራችን የጦር ሜዳዎች ከ300 ዓመታት በላይ ቆይቷል። የኢማም አሕመድ ሠራዊት ከቱርኮች ያገኛቸው ነፍጦች ነበሩት። በ1533 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል የገቡት፣ በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የተመሩት 400 ያህል ፖርቱጋሎችም በሚጤስ ገመድ የሚለኮስ ጠመንጃ ታጥቀው ነበር። የዚህ መሣሪያ ዘመን ማብቂያ የታየው ግን ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ ከመቅደላ ግርጌ በአሮጌ ሜዳ ላይ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች አብዛኞቹ በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ የያዙ ሲሆኑ፣ የእንግሊዝ እግረኞች ከኋላ የሚጎርሰውን፣ በኋላ በአማርኛ «ሰናድር» የተባለውን መሣሪያ ይዘው ነበር። የሠለጠነ ተኳሽ በፊተኛው በደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢተኩስ፣ በሁለተኛው እስከ አሥር ጊዜ ይተኩሳል። በዚያ ላይ ዝናብ ወረደ። የንጉሠ ነገሥቱ አንድ ታላቅ መድፍ ባሩድ አብዝቶ በመጉረሱ ገና ከጅምሩ ፈነዳ። ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሰው ሲወድቅ፣ በእንግሊዝ ወገን ቆስለው የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ስለ ጀግንነት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ባሩድ ልክ፣ ስለ እርጥበትና ስለ አጎራረስ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። የእነዚያ ሰዎች ሕይወት ግን በዚህም ጭምር ተወስኗል።

ከእነዚህ ጠመንጃዎች አንዱ በሳሪስ አቦ፣ ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለ አንድ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። የቤቱ ባለቤት በአቃቂ ፋብሪካዎች በአንዱ ውስጥ ዕድሜያቸውን በቶርኖ ሥራ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። መሣሪያው ከጋይንት፣ ከአያታቸው ወደ አባታቸው፣ ከአባታቸውም ወደ እርሳቸው የመጣ ነው። በቤተሰቡ ዘንድ «የመቅደላው» በመባል ይታወቃል። ልጆች ሲወለዱ፣ ሲድኹ፣ ትምህርት ቤት ሲገቡ ከአልጋው ራስጌ አልተነሣም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለፋሲካ ቤቱ ሲለቀለቅ ይወርድና አቧራው ተጠርጎ ይመለሳል።

ጎረቤታቸው የሆነ የታሪክ መምህር መሣሪያውን ወደ ብርሃን አውጥቶ ሲመለከት፣ በቱቦው ግርጌ እንቁላል ቅርጽ ባለው ክብ ውስጥ ሦስት የላቲን ፊደላት አገኘ፤ «ኢ.ኤል.ጂ.» ይላሉ። ይህ በቤልጅግ አገር የሊዬዥ ከተማ የጠመንጃ ፍተሻ ማኅተም ነው። ከ1885 ዓ.ም. ወዲህ በማኅተሙ ላይ ዘውድ ስለተጨመረና በዚህ ላይ ዘውድ ስለሌለ፣ መሣሪያው ከዚያ በፊት የተሠራ መሆኑ ታወቀ። ከመቅደላ መምጣቱን ግን ማኅተሙ አይመሰክርም። በ1879 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ 2,000 የሚጠጉ፣ ጊዜ ያለፈባቸውን የሊዬዥ ጠመንጃዎች በግመል ጭኖ ሸዋ ገብቶ ለንጉሥ ምኒልክ ሸጧል፤ የጠበቀውንም ትርፍ አላገኘም። አውሮፓ የጣለችው ብረት አፍሪካ ውስጥ ገበያ እንደነበረው ይህ አንድ ማስረጃ ነው። የሳሪሱ ጠመንጃ ከእነዚያ አንዱ ነው ማለት ግን አይቻልም፤ መምህሩም አላለም። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ለአፍታ ዝም ብለው፣ «እንግዲህ አያቴ የት እንዳገኘው እርሱ ነው የሚያውቀው» አሉ።

ነገሩ የተነሣው የእህታቸው ልጅ ሠርግ በተቃረበ ጊዜ ነው። ወጣቱ በመልሱ ዕለት የአያቶቹን ጠመንጃ አንድ ጊዜ ማስጮህ ፈለገ። ባሩድም ከዘመናዊ ጥይት ፈልቅቆ ለማውጣት አስቧል። ይህን ሐሳብ የሰማ ሰው ሁሉ ሊደነግጥ ይገባል። በአሁኑ ጥይት ውስጥ ያለው ጭስ አልባ ባሩድ በ1876 ዓ.ም. በፈረንሳይ የተፈለሰፈ፣ ከጥቁሩ ባሩድ እጅግ የበለጠ ግፊት የሚፈጥር ነገር ነው። ለጥቁር ባሩድ በተሠራ ቱቦ ውስጥ ከገባ ብረቱ በተኳሹ ፊት ላይ ይሰነጠቃል። አጎትየው ግን የከለከሉት ይህን አስቀድመው ዐውቀው አልነበረም። የብረት ሠራተኛ ናቸውና፣ ውስጡን ያላዩትን ማሽን አያስነሡም።

«ጋሼ፣ ባዶ ነው እኮ! ሰማንያ ዓመት ተሰቅሎ የኖረ ነገር» አለ ወጣቱ።

«ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል ሲባል አልሰማህም? ለመሆኑ ባዶ መሆኑን ማን አየው?» አሉት።

ያደረጉትም እንዲህ ነው። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ወደ አጥሩ የአፈር ቁልል እንዲያመለክት አጋደሙት። ከጎን ቆመው ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ በአፉ አስገቡ፤ ብረት ከብረት ጋር ተፋጭቶ ብልጭታ እንዳያወጣ ነው ቀርከሃ የመረጡት። ዘንጉ አልሄድ ሲል ከአፈሙዙ ጠርዝ ጋር የገጠመበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ከዚያ አውጥተው በቱቦው ውጫዊ ጎን ለኩት። ባዶ ቢሆን ኖሮ የዘንጉ ጫፍ የመለኮሻው ቀዳዳ እስካለበት ግርጌ ድረስ በደረሰ ነበር። አራት ጣት ጎደለው። አራት ጣት ማለት ባሩድ፣ ጨርቅና እርሳስ ማለት ነው። ሽማግሌው ዘንጉን ይዘው ለረጅም ጊዜ ቆሙ፤ ባለቤታቸው ከበር ላይ ሆነው አማተቡ። ስድስት ልጆች ያደጉት ከዚያ አፈሙዝ ሥር ነው።

ጥቁር ባሩድ አያረጅም ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ከመቶው 75 እጁ ፖታሲየም ናይትሬት የተባለው ጨው፣ 15 እጁ ከሰል፣ 10 እጁ ድኝ ነው። ከሦስቱ አንዱም በደረቅ ቦታ የሚበሰብስ ወይም የሚሻግት አይደለም። ውሃ ካልነካው ከመቶ ዓመት በኋላም ይነዳል። በዓለም ላይ በየቤተ መዘክሩና በየቤተሰቡ ግድግዳ ላይ የተገኙ እንዲህ ያሉ አሮጌ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ እንደጎረሱ ነው የተገኙት፤ ምክንያቱም የጎረሰውን ለማውጣት ቀላሉ መንገድ መተኮስ ነበር፤ ባሩድና እርሳስ ደግሞ ውድ ነበሩና በከንቱ የሚተኩስ አልነበረም። ባለቤቱ ለጅብ ወይም ለሽፍታ አጉርሶ ይሰቅለዋል፤ ጅቡም ሽፍታውም ሳይመጡ ባለቤቱ ይሞታል። መሣሪያውን የወረሰው ሰው ዝገቱን ለማስለቀቅ እሳት ዳር ቢያስቀምጠው፣ ወይም አንድ ሕፃን መዶሻውን ስቦ ቢለቀው፣ ወይም አንድ ብየዳ ሠራተኛ ላስተካክለው ቢል ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልግም።

የሚቀጥለው ጥያቄ የት ይወሰድ የሚል ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ የተከለከለ ነው። በሌላ በኩል አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲጠበቅ ያዛል። ሽማግሌው ፈቃድ አልነበራቸውም፤ የአያታቸው ዕቃ ፈቃድ ያስፈልገዋል ብለውም አስበው አያውቁም። ወጣቱ፣ «ጋሼ፣ ሄደው ከተናገሩ ይወስዱታል፤ ከወሰዱት አይመለስም» ሲል ሰጋ፤ ስጋቱም መሠረት የሌለው አልነበረም። ሌላው ጎረቤት ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበርን መከረ። መቅበር ግን ችግሩን ለነገ ቆፋሪ ማስተላለፍ ነው፤ ሳሪስ ደግሞ ለሕንጻና ለመንገድ መሠረት በየጊዜው የሚቆፈር ሰፈር ነው። ሽማግሌው አንድ ሌሊት አሰቡበት። በማግሥቱ ጠመንጃውን ከቤት ሳያወጡ፣ ባዶ እጃቸውን ጣቢያ ሄደው አመለከቱ።

ሥራውን የሠራው በሠራዊቱ መሣሪያ ግምጃ ቤት ያገለገለ ባለሙያ ነው። አካሄዱ ችኮላ የሌለበት ነበር። መጀመሪያ በአፈሙዙም በመለኮሻው ቀዳዳም ውሃ አንቆረቆረበት፤ መሣሪያውን ሰው በማያልፍበት ገላጣ ቦታ ወደ ሰማይ አቁሞ ውሃው ባሩዱን እስኪያርሰው ጠበቀ። ከዚያ ጫፉ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ዘንግ አስገብቶ፣ ፊቱንም እጁንም ከአፈሙዙ ትይዩ ሳያደርግ፣ ቀስ እያለ ሳበ። ይህ ሥልጠና የሌለው ሰው የሚሞክረው ሥራ አይደለም። በመጀመሪያ የወጣው ጨርቅ ነበር፤ ቀጥሎ ድቡልቡል የእርሳስ አረር፤ በመጨረሻም ጥቁር ጭቃ። ጨርቁ በውሃ ሲታጠብ የፈትል ሸማ ቁራጭ ሆኖ ተገኘ፤ በአንድ ጠርዙ ቀይ ጥለት አለበት። ከማን ነጠላ ወይም ከማን ጋቢ እንደተቀደደ የሚያውቅ የለም። ስለ መሣሪያው በቤተሰቡ ከተነገረው ታሪክ ሁሉ ይህ ቁራጭ ጨርቅ ብቻ ነው ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት የደረሰው።

ባለሙያው ሥራውን ሲጨርስ ሽማግሌው የቶርኖ ሠራተኛ ልማዳቸው ተነሣባቸው። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ከግማሽ በላዩ ጠጣር ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ዝቃጭና የባሩዱ ጨው እርጥበት ከአየር ስለሚስቡ ብረትን በአንድ ሌሊት ያዝጋሉ። ውሃ የገባበት ቱቦ እንዲሁ ተጠቅልሎ መጋዘን ከገባ መቶ ዓመት ያልበላውን ዝገት በሳምንት ይበላዋል። ስለዚህ እዚያው በጣቢያው ግቢ እንዲያጥቡት ለመኑ፤ ተፈቀደላቸውም። የፈላ ውሃ በሳሙና አስመጥተው ቱቦውን ደጋግመው አጠቡት። ውሃው መፍላቱ ለማጽዳት ብቻ ሳይሆን የሞቀው ብረት ቶሎ እንዲደርቅም ይረዳል። በዘንግ ላይ በተጠመጠመ ጨርቅ ጥቁረት እስካይቀር ጠረጉት፤ ከዚያ ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ቀቡት። ሰደፉን በሰም አሹት።

አንድ ወጣት ፖሊስ ብረቱ እንዲያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ ብሎ ነበር። እዚህ ላይ ሽማግሌው ተቆጡ፤ መቆጣታቸውም ተገቢ ነው። በየቤቱና በየአዳራሹ ስንት ጥንታዊ ዕቃ በማሳመር ስም እንደጠፋ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያ ቡናማ ቀለም የብረቱ ቆዳ ነው፤ ማኅተሙና የሠሪው ምልክት የተቀረጹት በዚያ ላይ ነው። የቦዘነ ዝገት በጨርቅና በዘይት ይነሣል፤ ያልተነሣው በቦታው ይኖራል። በባዶ እጅ ከተነካም የላብ ጨው የጣት አሻራ የሚመስል ዝገት ትቶ ስለሚሄድ፣ ይዘውት ሲጨርሱ መጥረግ ያስፈልጋል። አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጎ ማቆም ደግሞ ዘይቱ ወርዶ እንጨቱን እንዲያላሽቀው ማድረግ ነው፤ አጋድሞ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሠርጉ ያለ ተኩስ፣ በእልልታና በጭፈራ ተፈጸመ። ሙሽራው ለጥቂት ቀናት አኩርፎ ነበር፤ አራት ጣት የጎደለውን ዘንግ በዓይኑ ስላየ ግን ብዙ አልከረረም። ጠመንጃው በቤተሰቡ እጅ በፈቃድ ይቆይ ወይስ ለቤተ መዘክር ይተላለፍ የሚለው ገና አልተወሰነም። ሽማግሌው ሁለቱንም የሚቀበሉ ይመስላሉ፤ ባለቤታቸው ግን እንዲመለስ አይፈልጉም፤ በግልጽም ተናግረዋል። እስከዚያው ሽማግሌው በየወሩ በ5፣ አቦን ተሳልመው ሲመለሱ፣ በኪሳቸው ንጹሕ ጨርቅና አንዲት ትንሽ የዘይት ጠርሙስ ይዘው ወደ ጣቢያው ጎራ ይላሉ። ተረኛው መሣሪያውን ሲያወጣላቸው አስቀድመው የሚያደርጉት ዘንጉን ማስገባት ነው። ባዶ መሆኑን ያውቃሉ፤ ቢሆንም ይለካሉ።