ሁለተኛው ኳስ

ቤዝቦልን ያወቅነው በመጥረጊያ እንጨትና በቴኒስ ኳስ ነው። የስፖርት መምህራችን በልጅነታቸው ኩባ ተልከው የተማሩ ናቸው፤ የጅቡቲ ፀሐይ በረድ ሲል ወደ ሜዳ ያወጡንና ውርወራ ያስተምሩናል። አንድ ቀን ስለ ሉዊስ ቲያንት ነገሩን። ከዚያ ወዲህ ስሙ ከክፍላችን አልወጣም።

ቲያንት በ1940 እ.ኤ.አ. ሃቫና አጠገብ ማሪያናኦ ተወለደ። አባቱም ጎበዝ ኳስ ወርዋሪ ነበሩ፤ ግን በዘመናቸው አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች በትልቁ ሊግ ስለማይፈቀድላቸው የተጫወቱት በጥቁሮች ሊግ ነው። በ1961 ልጁ ሜክሲኮ ሲጫወት የኩባ መውጫ በር እየጠበበ መጣ። አባትየው እንዳይመለስ መከሩት። ልጁም ቀረ።

በ1968 ለክሊቭላንድ 21 ጨዋታ አሸነፈ። ኋላ ተጎዳ፤ ተሰናበተ፤ ቦስተን ሬድ ሶክስ ተቀበለው። ሲወረውር መጀመሪያ ጀርባውን ለመቺው ይሰጣል። (እኛም ሞክረነዋል፤ አብዛኞቻችን ወድቀናል።)

በ1975 ሴናተር ጆርጅ መክጎቨርን ሃቫና ሄደው ጉዳዩን ለካስትሮ ካቀረቡ በኋላ ወላጆቹ እንዲወጡ ተፈቀደ። አባትና ልጅ ከተያዩ 14 ዓመት አልፎ ነበር። ነሐሴ ላይ አባትየው የመክፈቻውን ኳስ እንዲወረውሩ ቦስተን ፌንዌይ ፓርክ ሜዳ ገቡ። ኮታቸውን አውልቀው ለልጃቸው አስያዙና ወረወሩ። ኳሱ ዝቅ ብሎ ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን አውለብልቦ ይወርድ ነበር። እሳቸው ኳሱን አስመልሰው እንደገና ወረወሩ፤ ሁለተኛው ቀጥ ብሎ ተቀባዩ ጓንት ውስጥ ገባ።

በዚያው ጥቅምት ልጁ በዎርልድ ሲሪስ የመጀመሪያ ጨዋታ ሲንሲናቲን 6 ለ 0 ሲረታ የወረወረው እሱ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ግን አባትና እናቱ በቀናት ልዩነት ዐረፉ።

እዚህ ላይ ክፍላችን ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን አባትየው ልክ ናቸው አልን። ሌሎቻችን፣ በተለይ አባቶቻችን አገር ቤት ወይም ሳውዲ ያሉብን፣ 14 ዓመት ለኳስ ይበዛል ብለን ተከራከርን። መምህራችን አልፈረዱም።

በምረቃችን ቀን የሰባታችን ወላጆች አይመጡም። ስልክ ከፊተኛው ወንበር ላይ አቁመን በቪዲዮ ልናሳያቸው ተፈቅዶልናል። የእኛ ኔትወርክ እንደሆነ ይታወቃል፤ ስም ሲጠራ ከተቋረጠ፣ መድረክ መሪው ቆም ብሎ እንዲጠብቀንና ደግመን እንድንደውል ተስማምተናል።