ስለ ሕመምተኛ መናገር

በአገራችን ጠበቃ የሚባለው በችሎት ቆሞ ስለ ሌላው የሚናገር ሰው ነው። ባላጋራ አለ፤ ዳኛ አለ፤ ምስክር አለ። የሕመምተኛ ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ባላጋራው ብዙ ጊዜ አይታወቅምና። የጎደፈ ውኃን በመጥሪያ አስጠርቶ ዳኛ ፊት የሚያቆም የለም። እንግዲህ ሐኪም መድኃኒት ከመስጠት አልፎ ለሕመምተኛው ጠበቃ ይሁን ቢባል፣ ይህን ሙያ ከየት ይማረዋል? በሐይቅ ከተማ በጤና ሥራ ብዙ ዘመን ስላገለገልሁ፣ ያየሁትን ለወጣቱ አንባቢ ልንገር።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። በዚያም የጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷና የአካባቢን ንጽሕና የሚጠብቀው ሳኒታሪያን አንድ ቡድን ሆነው በገጠር ጤና ጣቢያ ይሠለጥኑ ነበር። በ1983 የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋምም ተማሪን ወደ መንደር ማውጣትን የትምህርቱ መሠረት አደረገ።

ወሎ ግን ከዚህ ሁሉ የቀደመ ምሳሌ አላት። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዓመት፣ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ የታወቀ የትምህርት ቦታ ነበር። የቆሎ ተማሪው በየደጁ ቁራሽ እየለመነ፣ ደረሳውም መንደሩ በሚሰጠው እየኖረ ሲማር፣ የትኛው ቤት ጠግቦ እንዳደረ፣ የትኛው ጦሙን እንዳደረ ያውቃል። የሕክምና ተማሪ ግን ይህን ሳያውቅ ሊመረቅ ይችላል፤ ሆስፒታል የሚተኛ ሰው ጓዳውን ይዞ አይመጣምና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪዎች ወደ እኛ መጡ። ሥራቸው ስለ ቢልሃርዝያ ማስተማር ነበር። ይህ በሽታ በሰው ዓይነ ምድር ውስጥ ባለው እንቁላል ወደ ውኃ ይገባል፤ ከእንቁላሉ የተፈለፈለው ነፍሳት በአንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ሆድ ውስጥ አድጎና በዝቶ ይወጣል፤ ከዚያም ውኃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ በማግሥቱ ከሚገባው አያድንም። ስለዚህ መድኃኒቱን ውጦ ወደዚያው ውኃ የሚመለስ ልጅ ዕዳውን ከፍሎ በዚያው ቀን እንደሚበደር ሰው ነው።

ከተማሪዎቹ አንዱ ለአንዲት እናት ይህን ሁሉ በሚገባ አስረዳና፣ «እንግዲህ እማማ፣ ልጆቹን ወደ ሐይቁ አይስደዷቸው» አላቸው።

«እውነት ብለሃል ልጄ» አሉት። «ግን ቦኖው ከደረቀ ሰነበተ። ታዲያ ውኃውን ከሰማይ ላውርደው?»

ልጁ መልስ አጣ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ የዚያን ቀን ትምህርት የተጀመረው እዚህ ላይ ነውና።

ማታ ክርክር ተነሣ። አንዱ፣ «እኔ ሐኪም ልሆን እንጂ ቧንቧ ልጠግን አልመጣሁም» አለ። ግማሹ እውነት ነው፤ ቧንቧ ጠጋኝ ሌላ ሰው ነው። ጠጋኙ እስኪመጣ ድረስ መጮህ ግን የማን ሥራ ነው? ስለ አክሊሉ ለማ ነገርኋቸው። ይህ ሊቅ በ1964 በአድዋ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ከዚያም እንዶድ ቢልሃርዝያን ለመከላከል እንደሚጠቅም መረመረ። በ1989 ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በዓለም የታወቀ ሽልማት ተቀበለ። የሥራው መነሻ ግን የአጣቢዎቹ እንዶድ ነበር።

በማግሥቱ ተማሪዎቹ በቦኖው የሚጠቀሙትን ቤቶች ቆጠሩ፤ ወደ ሐይቁ የሚወስደውን መንገድ በእግራቸው ለኩ፤ የታመሙትን ልጆች መዝግበው ማመልከቻ ጻፉ። ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ «ወረቀቱን ትታችሁ ሂዱ» ብሎ መለሳቸው። ሁለተኛም ሄዱ፤ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ የመንደሩን ሴቶች ይዘው እንዲሄዱ፣ እነርሱም ከኋላ እንዲቆሙ መከርኋቸው። ስለ ሌላው የሚናገር ሰው ባለጉዳዩ ራሱ መናገር በሚችልበት ስፍራ ዝም ማለትን ካላወቀ፣ ጠበቃ ሳይሆን አፍ ነጣቂ ይሆናል። ከሴቶቹ አንዷ ባዶ ጄሪካኗን ከሹሙ ጠረጴዛ ላይ አኖረችና፣ «የእኔ ማመልከቻ ይህ ነው» አለች። በዚያ ቀን ቀጠሮ ተሰጠ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ደስ ብሎህ እንዳታቆም። ፓምፑ የተጠገነው ተማሪዎቹ ጊዜያቸውን ጨርሰው ከተመለሱ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። በዚያ መካከል ሰዉ እኔን፣ «እነዚያ ልጆች የት ገቡ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ሕዝባችን ጠይቆ፣ መዝግቦ፣ ደም ቀድቶ ሄዶ የቀረ ብዙ እንግዳ አይቷል። ስለዚህ በየዓመቱ ወደ አዲስ መንደር ከመሄድ ይልቅ ተማሪዎች ወደ አንድ መንደር እየተመላለሱ የቀደሙትን ጉዳይ ቢረከቡ ይሻላል ብዬ ለመምህሮቻቸው ነገርሁ። እነርሱም ተቀበሉኝ። መዝገቡ በእኔ ዘንድ ይቀመጣል፤ አዲስ ተማሪ ሲመጣ አስቀድሞ እርሱን ያነባል።

አሁን ቦኖው ለመጠጥ ይበቃል። ለልብስ ግን አይበቃም፤ እናቶችም ልጆቻቸውን አስከትለው ወደ ሐይቁ መውረዳቸውን አልተዉም። የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች ስለ ልብስ ማጠቢያ ስፍራ ከሴቶቹ ጋር ሌላ ማመልከቻ አስገብተዋል፤ መልሱ ገና አልመጣም።