ከውጤቱ በፊት የፈተናውን ወረቀት እዩ

ባለፈው ክረምት ከሽንዲ ስልክ ተደወለልኝ። ታላቅ እህቴ ናት። «የልጅቱን ጉድ ሰማህ?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ቤት ውስጥ ሰው የታመመባት ይመስል ነበር። ልጇ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ፣ በአፕላይድ ማቲማቲክስ አንድ «ሲ» አምጥታ ቤት ገብታለች። «ኢንጂነሪንግ ይቅርባት። መሠረቱ ላይ እንዲህ ከሆነች ወደፊት ምን ልትሆን ነው? ቀለል ያለ ነገር እንድትመርጥ ንገራት፤ አንተን ትሰማለች» አለችኝ።

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስገባችሁ ወላጆች ይህን ጭንቀት ታውቁታላችሁ። እህቴም ያለ ምክንያት አልተጨነቀችም። የመጀመሪያ ዓመት የሒሳብ ውጤት ኋላ በምሕንድስና ትምህርት ከሚገኘው ውጤት ጋር ግንኙነት እንዳለው በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። ግንኙነት ግን ፍርድ አይደለም። በ«ሲ» ጀምረው የሚመረቁ፣ በ«ኤ» ጀምረው የሚያቋርጡ አሉ።

እኔ ራሴ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ሳለሁ በዚሁ ኮርስ ያመጣሁት «ሲ» ነበር። «ተመስገን፣ አለፍኩ» ብዬ የፈተና ወረቀቴን እንኳ ሳላይ ቀረሁ። አፕላይድ አንድ በቬክተርና በማትሪክስ ይጀምርና በሊሚትና በዴሪቬቲቭ አልፎ በኢንቴግሬሽን ያበቃል። ይህ የመጨረሻ ምዕራፍ የሚደርሰው ሴሚስተሩ ሲጣደፍ ነው፤ እኔም በቅጡ ሳልይዘው አለፍኩት። ከዚያ ስታቲክስ መጣ። የአንድን ቅርጽ ሴንትሮይድና ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ ፈልግ ሲባል የሚያስፈልገው ያው ኢንቴግሬሽን ነው። ቀመሩን ሸምድጄ እንደምንም አለፍኩ። ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ ላይ ግን ማምለጫ አልነበረኝም። ቢም ሸክም ሲያርፍበት ምን ያህል እንደሚጎብጥ የሚሰላው በእነዚሁ ነገሮች ነው። «ኤፍ» አገኘሁ። ለሰው የወደቅኩት በስትሬንግዝ ይመስላል፤ በእውነቱ የጣለኝ ከብዙ ወራት በፊት የዘለልኩት አንድ ምዕራፍ ነው። የዶርም ጓደኛዬ በአፕላይድ አንድ «ኤ» ነበረው። የቆዩ ፈተናዎችን ቸክሎ ያመጣው ስለነበር እሱም ከእኔ ጋር ስትሬንግዝን ደገመ።

ስለዚህ የእህቴን ልጅ ስለ ውጤቷ አልጠየቅኳትም። «ፈተናው ላይ የቱ ነው ያቃተሽ?» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ጋሼ፣ ኢንቴግሬሽኑን ምንም አልሠራሁም። 12ኛ ክፍልም አልደረስንበትም ነበር» አለችኝ።

ለምን እንዳልደረሱበት አውቃለሁ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ የእሷም ትምህርት የተቆራረጠ ነበር። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። እንዲህ የጠበበውን በር አልፋ የገባች ልጅ ጭንቅላት አጠራት ማለት ይከብዳል። የጎደላት አንድ ምዕራፍ ነው።

በእኛ በወምበርማ የበርበሬ ችግኝ መጀመሪያ መደብ ላይ ይፈላል፤ ዝናቡ ሲይዝ ወደ ማሳ ይዛወራል። ቅጠሉ ስለጠወለገ ብቻ ችግኝ የሚጥል ገበሬ የለም፤ ሥሩን ነው የሚያየው።

ያን ክረምት ከ12ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ጀመረች፤ ቀጥላ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሞጁል ገባች። በቀን ጥቂት ጥያቄዎች ትሠራና ማታ በስልክ ታነብልኛለች። ስትሳሳት የቱ መስመር ላይ እንደሳተች አብረን እንፈልጋለን። ዘንድሮ ስታቲክስን በ«ቢ» አለፈች። ስትሬንግዝ ገና ይጠብቃታል፤ ግን እኔ ይዤው ያልሄድኩትን ይዛ ነው የምትሄደው።

እናንተም ልጃችሁ ዝቅ ያለ ውጤት ይዞ ሲመጣ ከመቆጣታችሁ ወይም ዲፓርትመንት ከማስቀየራችሁ በፊት ስህተቱ የት የት እንደሆነ አብራችሁት እዩ። በአንድ ምዕራፍ ላይ የተከማቸ ከሆነ በአንድ ክረምት ይሞላል። በሁሉም ቦታ የተበተነ ከሆነ የአጠናን ችግር ሊሆን ይችላልና አጠናኑን ይፈትሽ። ትምህርቱ ገብቶትም ልቡ ካልወደደው ግን ሌላ መስክ መምረጥ ነውር የለውም። «ኤ» ሲያመጣም አንዱን ጥያቄ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት፤ ሒሳቡ ባይገባችሁም እሱ እንደገባው ታውቃላችሁ።

እህቴ ሒሳብ አታውቅም። አሁን ግን ልጇ ስትደውል «ስንት አመጣሽ?» ማለት ትታለች። «ዛሬ ያልገባሽ ምንድን ነው?» ነው የምትላት።