ያልተቀዱት ካሴቶች

ዛሬ ከሰዓት ስልኬን ስነካካ የአፓርታማ ማስታወቂያ መጣብኝ። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ድሮን ከላይ እየበረረ ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ ሕንፃ ያሳያል፣ ኮምፒውተር የሳላቸው ደስተኛ ሰዎች ኮምፒውተር በሳለው መዋኛ ዳር ይንሸራሸራሉ፣ ከሥር «በ10 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ብቻ!» ይላል። ላልፈው ጣቴን ሳነሳ ከጀርባ ያለው ሙዚቃ ያዘኝ። ሙዚቃዊ ስልት! የዋሊያሶች! ያ ርዕሱን ሳናውቅ እያንጎራጎርን ያደግንበት ዜማ፣ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ሊሸጥበት።

ኮመንቱን ከፈትኩ (አመል ነው)። ሰው ሁሉ «ዋጋ?» ይላል። አንድ ልጅ ብቻ «ከጀርባ ያለው ሙዚቃ የማን ነው?» ብሎ ጠይቋል። የተሰጠው መልስ፦ «ኢንቦክስ አድርገንልዎታል።»

ሳቅኩ። ከዚያ ሆዴን ባር ባር አለኝ።

ልጁ ምናልባት እዚህ ካለህ እኔ ልመልስልህ። ድርሰቱ የግርማ በየነ ነው። «ቸ በለው» የሚለው የዋሊያስ ባንድ አልበም ላይ ያለ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1977 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ኪቦርዱ ላይ ያለው ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ነው። ሙላቱ አስታጥቄም አልበሙ ላይ አለበት፣ እሱን እንኳ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ዓመተ ምሕረቱን ግን ልብ በል። በ1977 አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ ምን ይደረግ እንደነበር ቤት ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ጠይቅ። ግጥም ያለው ዘፈን ሳንሱር ይጠብቀዋል። ሰዓት እላፊ አለ። ሂልተን የገባ ጨፋሪ ካመሸ እስኪነጋ መውጫ የለውም፣ ስለዚህ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። እነዚህ ሰዎች ያንን ሙዚቃ የሠሩት በዚያ መሃል ነው። እኛ መብራት ሲጠፋ ሥራ የምናቆም ሰዎች ነን።

በ1981 ዋሊያሶች ለኮንሰርት አሜሪካ ሄዱ። ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ ቀረ። ጋሽ ኃይሉ ቀረ። ጋሽ ግርማም ቀረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የጋሽ ኃይሉን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ምክንያቱም በየዓመቱ አንድ ሰው አዲስ ነገር እንዳገኘ ሆኖ ሼር ያደርገዋል፣ እኛም በየዓመቱ እናለቅሳለን። ዋሽንግተን ታክሲ መንዳቱ። ዳለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከመኪናው የዕቃ መጫኛ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ መለማመዱ። በ1985 አኮርድዮኑን ይዞ፣ ከበሮውን ለማሽን ሰጥቶ፣ ብቻውን የቀዳትን ካሴት አንድ አሜሪካዊ በ2013 ባሕር ዳር ላይ ማግኘቱ። ካሴቷ እንደገና መታተሟ። ታክሲ ነጂው እንደገና መድረክ ላይ መውጣቱ። ከዚያ የልብ ኢሞጂ፣ የለቅሶ ኢሞጂ፣ የባንዲራ ኢሞጂ።

ደስ ይላል፣ አዎ። እኔም ሼር አድርጌዋለሁ። ዛሬ ግን ያንን ማስታወቂያ ካየሁ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው ታሪኩ የሚያናድደኝ ቦታ አለ። በ1985ቱ ካሴት እና በ2018ቱ «ላላ በሉ» አልበሙ መሃል 33 ዓመት አለ። ያኔ ገና አርባ ዓመት ያልሞላው ሰው ነበር፤ ሁለተኛው ሲወጣ ሰባን አልፏል። ሼር የምናደርገው ታሪክ ከዚህ ጫፍ ተነሥቶ እዚያ ጫፍ ላይ ያርፋል፤ መሃሉን በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ «ለረጅም ዓመታት ታክሲ ሲነዳ ቆይቶ» ብሎ ይሻገረዋል። እኔ የምፈልገው እኮ መሃሉን ነው! የ1988ቱ ካሴት የት አለ? የ1994ቱስ? ሃምሳ ዓመት ሲሞላው፣ እጁ ሳይደክም ጆሮው በስሎ፣ ምን ይጫወት ነበር? ማንም አያውቅም፤ አልተቀዳማ። ያልተቀዳ ካሴት ደግሞ ባሕር ዳር ሄደህም አታገኘውም።

(ታክሲ መንዳትን እየናቅኩ የሚመስለው ሰው እዚህ ላይ ቆም ይበል። ግማሹ ዘመዴ እዚያው ከተማ ታክሲ ነድቶ ነው እኔን ያስተማረኝ። ነውሩ መሪ መጨበጡ አይደለም። ኪቦርዱ የዕቃ መጫኛ ውስጥ መሆኑ ነው።)

እዚህ ድረስ ስጽፍ ደግሞ አንድ የሰፈራችን ልጅ ትዝ አለኝና ከመስመር አስወጣኝ። ስሙን አልጠራም፣ ፌስቡክ ላይ አለ። ከሕንፃ ሠራተኞች የወደቀ የውሃ ቱቦ ለቅሞ፣ በጋለ ሚስማር በስቶ ዋሽንት ይሠራ ነበር። ማንም አላስተማረውም። ታክሲ ውስጥ ተከፍቶ ያለፈ ዘፈን፣ ታክሲው አስፋልቱን ሳይጨርስ እሱ ጀምሮታል። የቆራሌውን ጥሪ በዋሽንት እየደገመ ይከተለው ነበር፤ ቆራሌው ተፎካካሪ የመጣበት መስሎት እየዞረ ያያል፣ እኛ አጥር ተደግፈን በሳቅ እንሞታለን። ግን ማታ፣ ብቻውን ሲሆን፣ ትዝታ ሲነፋ ግቢው ውስጥ ያሉት ሴቶች ልብስ ማጠባቸውን ያቆማሉ። እውነቴን ነው። ውሃው ይቆማል። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው።

አባትየው «አዝማሪ ልትሆንብኝ ነው?» ብለው ቱቦውን ጉልበታቸው ላይ ሰበሩት። ሌላ ሠራ። ያንንም ሰበሩት። ሕንፃው እስኪያልቅ ቱቦ አልጠፋም፣ የአባትየው ጉልበት ግን ታመመ። በመጨረሻ ልጁ ማትሪክ ደረሰና ሁለቱም ታረቁ፤ ማለትም ልጁ ተሸነፈ።

አባትየው ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ይህንን አለመጻፍ ግፍ ነው። ሠርግ ላይ ሲነፋ አምሽቶ በማግሥቱ ሰፈር እየዞረ ሃምሳ ብር የሚበደር ሙዚቀኛ አይተዋል። ሲጨፍሩ «ነፍስ ነህ!» ያሉት ሰዎች ልጃቸውን ለመዳር ሲሆን ፊታቸውን ሲያዞሩበት አይተዋል። ለልጃቸው ፈሩ። እኔም ዛሬ ልጄ ትምህርት ትታ ክራር ልያዝ ብትለኝ መጀመሪያ ደስ እንዳለኝ ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ቀጥዬ ጓዳ ገብቼ እጨነቃለሁ።

ልጁ ዛሬ ባንክ ነው። ብድር ክፍል። ባለፈው ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መንፈሱ ጥሩ፣ ሆዱ ወጣ ያለ፣ ቁልፉ ላይ የመኪና ሪሞት አለ። «ዋሽንቱስ?» አልኩት።

«ኧረ ተወኝ፣ የምን ዋሽንት! ደረጃ ስወጣ ራሱ ትንፋሼ ያልቃል።»

ከዚያ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ጭማሪ አወራልኝ። በደንብ፣ በቁጥር፣ በወለድ ስሌት። እኔ ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ተሰንቅሮ ልፈነዳ ደርሻለሁ፣ እሱ ንፍሮውን ይቆረጥማል። ሟቹን ያላወቀ ሰው ቢያየን እኔን የቅርብ ዘመድ ይለኝ ነበር።

ያናደደኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ፤ አላዘነም። ቢያዝን እኮ አጽናናዋለሁ። አልፎታል። ሐዘኑ የቀረው እኔ ጋ ነው፣ ምንም መንፋት የማልችለው፣ ፊኛ እንኳ በጭንቅ የምነፋው ሰውዬ ጋ። እንግዲህ የማለቅሰው ለሱ ነው ወይስ ለራሴ ጆሮ? ለራሴ ሳይሆን አይቀርም። ያ ሙዚቃ የኔ ነበር። የግቢው ነበር። ባንኩ ብድር አስተዳዳሪ አገኘ፣ እኛ ምን አገኘን?

እና ወደ ጋሽ ግርማ ልመለስ፤ የዛሬው ነገሬ የጀመረው በእሱ ነው፣ ከጋሽ ኃይሉም ይበልጥ የሚያስቆጨኝ እሱ ነው። ከ60 በላይ ዘፈኖችን አቀናብሯል። ሌላ ሰው ዘፍኖት እኛ የዘፋኙን ስም ብቻ የምናውቀው ስንቱ ዘፈን ከጀርባው የሱ እጅ አለበት። ራሱ ደግሞ ድምፅ ነበረው! ያ ለስለስ ያለ፣ የማይጮኽ፣ አጠገብህ ተቀምጦ የሚያማክርህ የሚመስል ድምፅ። በዚያ ወርቃማ በምንለው ዘመን በራሱ ድምፅ ስንት ዘፈን አስቀረጸ? 4። አራት! ዛሬ አንድ ጀማሪ በአንድ ሳምንት አራት ይለቃል፣ አራቱም አንድ ቢት ላይ።

ከዚያ አሜሪካ፣ ከዚያ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ዝምታ። ቆይቶ አገሩ ገባ፤ በ2017 ደግሞ አካሌ ውቤ ከሚባሉት ፈረንሳዮች ጋር አልበም አወጣ። ፈረንጅ ካላደነቀልን አናደንቅም የሚለውን ሮሮ ዛሬ አላነሣውም፣ ሰለቸኝ፤ ፈረንሳዮቹ ቢያንስ ሄደው አንኳኩ። አልበሙ ጥሩ ነው። ግን ስሰማው የሚሰማኝ ሌላ ነው። ድምፁ አርጅቷል፣ ችሎታው አላረጀም፣ እና ባዶው ቦታ ይሰማል። በመሃል የነበረው ሰውዬ፣ የአርባ ዓመቱ፣ የሃምሳ ዓመቱ ግርማ በየነ የት ነው ያለው? አንድም ቀን አልተቀዳም።

ማታ አራቱን ዘፈኖች በተራ ከፈትኳቸው። «ጽጌረዳ» ላይ ስደርስ ባለቤቴ «ምነው ዛሬ፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለችኝ። የለም አልኳት። ማንም አልሞተም፣ ይኸው ነው ችግሩ፤ የሞተ ሰው ድንኳን ይጣልለታል፣ ሬዲዮ ይሁን ቴሌቪዥን ዘፈኑን ሲያሰማለት ይውላል። በቁሙ ዝም ላለ ሰው ግን ማን ለቅሶ ይቀመጣል? ስትሰማኝ ቆይታ «በል እራት ይቀዘቅዛል» አለችኝ። ልክ ናት።

«ሁሉም በጊዜው ነው፣ እግዚአብሔር የፈቀደው ነው» የሚል ኮመንት ልትጽፉ ያሰባችሁ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ፣ እወዳችኋለሁም። ዛሬ ግን አትጻፉልኝ።