ጆሮና ጌጅ

አዲስ አበባ ላይ መኪና የሚመረመረው በጆሮ ነው። መካኒኩ ኮፈኑን ያስከፍታል፤ ‹‹እስኪ ነዳጅ ስጣት›› ይላል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ነገር ፍርድ ነው። ይግባኝ የለውም።

እኛም ሦስት ሆነን አዋጥተን በገዛናት ኮሮላ ዲኤክስ ሰበብ የዚህ ችሎት ደንበኞች ከሆንን ቆየን። መካኒካችን ጋሼ (በስማቸው የሚጠራቸው የሰፈር ልጅ አይተን አናውቅም) ከዲኤክስ ጋር አብረው ያረጁ ሰው ናቸው። ጆሯቸውን እናምናለን። ነገር ግን የቤንዚን ወጪው ለሦስት ተካፍሎም ወር በወር እየከበደን መጣ። ጠዋት ስናስነሳት ደግሞ ግቢው በቤንዚን ሽታ ይታፈናል። ከማርሚታዋ ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ የአከራያችን የእማማ መስኮት አለ። እማማ አንድም ቀን ተቆጥተውን አያውቁም። ሞተሩ ሲነሳ መስኮታቸውን ጥርቅም አድርገው ይዘጋሉ፤ በቃ። መቼም እንዲህ ዓይነቱ ዝምታ ከቁጣ ይብሳል።

ጋሼን ስንጠይቃቸው መልሳቸው ያው ነው። ‹‹ልጆቼ፣ ድምጿ ቀጥ ያለ ነው። ምንም አልሆነችም።››

እንግዲህ በጆሮ የማይሰማ በሽታ ካለ በምን ይታወቃል? ወደ ጌጁ የወሰደን ይሄ ጥያቄ ነው።

14.7

ቤንዚን ብቻውን አይነድም፤ አየር ይፈልጋል። አንዱም ከአንዱ ሳይተርፍ እኩል ተቃጥለው እንዲያልቁ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ያስፈልጋል። የአየርና የቤንዚን ሬሾ የሚባለው ይሄ ነው። ቁጥሩ ከ14.7 ሲወርድ ቤንዚን በዝቷል፤ ሲወጣ አየር በዝቷል ማለት ነው። ጉልበት ሲያስፈልግ፣ ለምሳሌ የእንጦጦን ዳገት ስንያያዘው፣ በ12.5 እና በ13 መካከል ቢሆን ያምርበታል። ሜዳ ላይ ተረጋግታ ለምትሄድ መኪና ግን ያ ብክነት ነው።

ብክነቱ ደግሞ የብር ብቻ አይደለም። አየር አጥሮት የተቃጠለ ቤንዚን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል። በር ዘግተው ከሰል ያነደዱ ሰዎችን በእንቅልፋቸው የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። እማማን መስኮት የሚያዘጋቸው የሚሸተው ነው፤ ይበልጥ የሚያስፈራው ግን የማይሸተው ነው።

እዚህ ላይ ከተማችንም የራሷ ድርሻ አላት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሯ ስስ ነው፤ ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ዘመናዊ መኪና ይሄን በሴንሰር አውቆ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ካርቡራተር ግን የት ከፍታ ላይ እንደቆመ አያውቅም። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቢመጣ፣ ለዚያው ለሚስበው አየር ከሚገባው ከአንድ አሥረኛ በላይ የሆነ ትርፍ ቤንዚን ያጠጣዋል። ማንም ሳያበላሸው ማለት ነው።

ሽቦው

ጌጁን የአንዳችን አክስት ከቨርጂኒያ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልን መጣች። ከቡና ስኒ አፍ የማይሰፋ ክብ ነገር ነው። አብሮት ጭስ ውስጥ የሚቀመጥ የኦክስጅን ሴንሰር አለ። ለመግዛት ለምታስቡ፦ ሴንሰሩ ሁለት ዓይነት ነው። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1976 በቮልቮ ላይ የጀመረው የድሮው ዓይነት ‹በዛ› ወይም ‹አነሰ› ብቻ ነው የሚለው፤ ስንት እንደበዛ አይነግራችሁም። ቁጥሩን በትክክል የሚነግረው ዋይድባንድ የሚባለው ነው። እሱን ግዙ።

ይሄ ሴንሰር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚህ ቢመጣ ዕድሜው ያጥር ነበር። ያኔ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ሴንሰር ይገድላል፤ የሕፃናትንም አእምሮ ይጎዳል። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው፣ 2006 ሲገባ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ተሰናበቱት። በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2021።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ የጭሱ ቧንቧ ይበሳና ሴንሰሩ የሚታሰርበት ቀለበት ይበየዳል። በያጁ ለእጁ ስለሚመቸው ከታች ሊበሳው ፈልጎ ነበር፤ ከላይ በኩል ዘንበል ብሎ እንዲገባ ለመንነው። ከታች ከሆነ ቧንቧ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ የጋለውን ሴንሰር ይሰነጥቀዋል። ከሴንሰሩ በፊት ደግሞ ቧንቧው የትም ቦታ መተንፈስ የለበትም። የውጭ አየር ከገባ ጌጁ ‹አየር በዝቷል› ብሎ ይዋሻል።

ከዚያ ሽቦ። የሽቦዎቹን ቀለም ከመመሪያው እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀዩ ኃይል፣ ጥቁሩ ማሳ ነው። ኃይሉ የሚወሰደው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር፣ በፊውዝ በኩል ነው። በቀጥታ ከባትሪ ካሰራችሁት መኪናዋ ቆማም ሴንሰሩ ሲግል ያድራል፤ ጠዋት ገፊ ትፈልጋላችሁ። በሌላ በኩል ሞተሩ እየሠራ ሴንሰሩ ኃይል ካጣ፣ ሳይግል ጭስ ውስጥ ስለሚቆይ ጥላሸት ይደፍነዋል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ማሳ ላይ ነው። ዳሽቦርድ ሥር ያገኘውን ብሎን ላላ ያደርግና ሽቦውን ጠቅልሎ ያጠብቃል፤ ጌጁ ሲበራ ‹‹ሠራ!›› ይላል። መብራቱ መብራቱ ግን ማሳው ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። የአርባ ዓመት ቀለምና ዝገት በመካከል አለ። ማሳው ሲደክም የሴንሰሩ ማሞቂያ የሚፈልገውን አያገኝም፤ ቁጥሩ ይወላውላል። እኛ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፋቅነው፣ አሰርነው፣ ሞተርና መብራት አብርተን ከማሳው እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ በቴስተር ለካነው። ንባቡ ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት፤ ሆነ። ወደ ኮምፒውተር የሚሄደውን ሽቦ ጫፉን በፕላስተር ሸፍነን አስቀመጥነው፤ ዲኤክስ ምን ኮምፒውተር አላት? የሴንሰሩን ገመድ ግን ረዘመ ብላችሁ እንዳትቆርጡት። ሶኬቱ ውስጥ ፋብሪካው ለዚያ ሴንሰር ብቻ ለክቶ ያስቀመጠው ሬዚስተር አለ።

ችሎት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጋሼ ዘንድ ሄድን። በዚያው ሳምንት ደግሞ ሞተሯ ትንሽ መንተባተብ ጀምራ ነበር። ጋሼ ጌጁን እንደ አዲስ ምራት ከላይ እስከ ታች አዩት። ‹‹እኔን የሚቆጣጠረኝ ይሄ ነው?›› ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ሙሉ አልነበረም። ዕድሜውን በጆሮው እንጀራ ለበላ ሰው፣ የስኒ አፍ የምታህል ነገር ዳሽቦርድ ላይ ቁጭ ብላ ፍርድ ስትሰጥ ማየት ቀላል አይደለም።

ሞተሩ ተነሳ። ጌጁ ሞቀና 17.3 አለ። አየር በዝቷል! ግቢ ሙሉ በቤንዚን ሽታ የምታፍን መኪና ‹ቤንዚን አነሰኝ› ስትል አስቡት። የጋሼ ረዳት ካቻቪቴውን አንስቶ ‹‹ልጨምርላት?›› አለ።

ጋሼ እጃቸውን አነሱ። ‹‹ቆይ። በሦስት ነው የምትሠራው።››

የካንዴላ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነቀሉ። ሁለቱን ሲነቅሉ ሞተሩ ተንገዳገደ፤ ሦስተኛውን ሲነቅሉ ምንም አልተለወጠም። ያ ሲሊንደር ቀድሞውንም አይተኩስም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሴንሰሩ ቤንዚን አያሸትም፤ የሚለካው ኦክስጅን ነው። አንዱ ሲሊንደር ካልተኮሰ አየሩ እንዳለ ወደ ማርሚታ ይወጣል፤ ጌጁም ‹አየር በዛ› ይላል። ቁጥሩን ብቻ አምኖ ቤንዚን የሚጨምር ሰው በሽታውን ያብሰዋል። ጆሮ 1፣ ጌጅ 0።

ሽቦና ካንዴላ ተቀየረ። ድምጿ ቀጥ አለ። ጋሼ ‹‹አሁን ደህና ናት›› አሉ።

ጌጁ 11.9 አለ።

ሁላችንም ዝም አልን። ቤንዚን የበዛበት ሞተር አይንተባተብም፤ ሚኒሞው ለስላሳ ነው፤ ጆሮ ይወደዋል። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ከደህናዎቹ ካንዴላዎች አንዱን ፈትተው ወደ ብርሃን አወጡት። ጫፉ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። ቆዩና ‹‹ይሄን ቀለም ስንት ዓመት አየሁት›› አሉ። ‹‹የዲኤክስ ጠባይ ይመስለኝ ነበር።››

ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከጌጁ ዋጋ በላይ ናት። በዚህ ከፍታ ላይ ሳይስተካከል የቆየ ካርቡራተር ሁሉ ቤንዚን ሲበዛበት፣ የሚነጻጸርበት ጤነኛ ከሌለ በሽታው ጠባይ ተብሎ ይቀራል። ጆሮ የሚሰማው ከለመደው የተለየውን ነው፤ የለመደውን ራሱን መስማት አይችልም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! ጋሼ የሚኒሞውን ብሎን ራሳቸው ያዙ። ዓይናቸው ጌጁ ላይ፣ ጆሯቸው ሞተሩ ላይ። ቁጥሩ 15 ሲደርስ ሞተሯ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ‹‹እዚህ አትወድም›› ብለው 14 አካባቢ መለሷት። ከዚያ ከአሮጌ ካርቡራተሮች ሳጥናቸው ቀዳዳዋ የጠበበ የቤንዚን ማሳለፊያ ፈልገው ቀየሩላት። መንገድ ላይ ስንሞክራት ሜዳው ላይ 14.5፣ ዳገቱ ላይ 12.8። ይሄን ጌጅ ብቻውን አያደርገውም፤ ጆሮም ብቻውን አላደረገውም።

ከዚህ በኋላስ

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ቀድመው የገቡት ግን በአዋጅ አይተኑም። ገና ለዓመታት ከኛው ጋር ያረጃሉ፤ ከኛው ጋር ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ‹ልምድ ይሻላል ወይስ ቴክኖሎጂ› የሚለው የሻይ ቤት ክርክር ለኛ ትርጉም የለውም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ጭሱን የሚስበው ሰው ማን እንዳሸነፈ አይጠይቅም።

ጌጁ አንድ የማይወደድ ነገርም ነግሮናል። ቀዝቃዛ ሞተር በቾክ ሲነሳ፣ ጋሼ የፈለጉትን ያህል ቢያስተካክሉት፣ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቤንዚን መብዛቱ አይቀርም። በየጠዋቱ ቁጥሩ 11 ሲል እናየዋለን። ይሄን የሚፈታ ብሎን የለም። ስለዚህ አሁን ዲኤክሳችንን ሳናስነሳ በሩን ከፍተን፣ ሦስት ሆነን እየገፋን መንገድ ላይ እናወጣታለን፤ እዚያ ነው የምናስነሳት። ጎረቤት ባትሪዋ የሞተ መስሎት ያዝንልናል። ይዘንልን።

ቸር እንሰንብት።