ዕዳው ባሕር ማዶ፣ ዋሱ ደጃፋችን
በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በቅዳሴ ጊዜ ምእመናን እርስ በርሳቸው የሰላም ሰላምታ እንዲሰጣጡ የሚያውጀው ዲያቆኑ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ፣ በዚህ በአምቦ፣ ይህን ሳውጅ ዓይኔ በወንዶች መቆሚያ ካሉ አንድ አባት ዓይን ጋር ተገጣጠመ። እርሳቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። እኔ ፊቴን ወደ መጽሐፉ መለስሁ።

እኒህ አባት መምህር ናቸው፤ የታላቅ ወንድሜም ዋስ። ወንድሜ ጉደር ላይ ሱቅ ሊከፍት ከአንድ አበዳሪ ተቋም ተበደረ፤ ንግዱ አልሰምር ሲለው ወደ ዓረብ አገር ተሻገረ። ጥቂት ወራት ከፈለ፤ ከዚያ ስልኩን ቀየረ። የተቋሙ ሠራተኞች መጀመሪያ እኛ ቤት ይመላለሱ ነበር፤ በኋላ ቀሩ። እኛም እፎይ አልን። ለካ መምጣት የተዉት የመምህሩን ደመወዝ በየወሩ መቁረጥ ስለ ጀመሩ ነው!

ብዙዎቻችን ዋስትናን እንደ ምስክርነት ፊርማ እናየዋለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን የዋስነቱ ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተጠቀሰ ዋስትናው አይጸናም የሚለው (ቁጥር 1922) ነገሩ ከባድ ስለሆነ ነው። «በአንድነትና በነጠላ» ብሎ የፈረመን ዋስ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳያስቀድም ሊከስሰው ይችላል። የከፈለ ዋስ ገንዘቡን ከተበዳሪው የማስመለስ መብት አለው፤ ተበዳሪው ሪያድ ወይም ቤይሩት ሲሆን ግን ያ መብት ከወረቀት አያልፍም። በቡድን ብድርም እንዲሁ ነው፤ ጊንጪ ወይም ጌዶ ያለች አንዲት እናት የቡድኗ አባል ስለ ጠፋችባት የሰው ዕዳ ትከፍላለች።

በተሰደዱት ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ፣ ለደላላ የተበደሩትን ሳይከፍሉ ባዶ እጃቸውን የገቡ ብዙ ነበሩ። የሌለውን ሰው ማንም ክፈል ሊለው አይችልም። ዝም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። መጽሐፈ ሲራክ የዋስን ውለታ እንዳንረሳ የሚያሳስበን፣ ዋሱ ስለ እኛ ራሱን አሳልፎ ስለ ሰጠ ነው።

የወንድሜን አዲስ ስልክ ያገኘሁት በአብሮ አደጉ በኩል ነው። ስለ መምህሩ ደመወዝ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«አላወቅሁም» አለኝ። «የምልከው ሳጣ አፈርሁ፤ ካፈርሁ በኋላ ደግሞ መደወል አቃተኝ።»

ጳጉሜን 3 ቀን በቅዱስ ሩፋኤል በዓል የጦቢትን ታሪክ እንሰማለን። ጦቢት በሩቅ አገር ለገባኤል ዐሥር መክሊት ብር ሰጥቶት ነበር፤ አደራ እንጂ ብድር አልነበረም። ከዓመታት በኋላ መልአኩ የፊርማውን ጽሑፍ ይዞ ሲመጣ ገባኤል ከረጢቶቹን ከነማኅተማቸው አወጣ። ስለ መልአኩ ብዙ ተሰብኳል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ጠያቂ ባልነበረባቸው ዓመታት ሁሉ ማኅተሙን ያልነካው ገባኤል ነው።

ተቋሙ ቀሪውን ዕዳ ሊነግረኝ አልፈቀደም፤ ውክልና ያስፈልግ ነበር። ወንድሜ ባለበት አገር ካለው ኤምባሲያችን አረጋግጦ ላከልኝ። የመክፈያው ጊዜ ተራዘመ፤ ወለዱ ግን አልቀነሰም። ተበዳሪዎች ሆይ፣ ገና መክፈል ሲያዳግታችሁ ብትናገሩ ይህ ሁሉ ቀላል ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ወንድሜን ለመምህሩ እንዲደውል ለመንሁት። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» ሲል ሰማሁ።

«ጤናህስ? እዚያ ሙቀቱ አይከብድም?» አሉት። ስለ ገንዘቡ ያነሣው እርሱ ነው።

እስከ ዛሬ የአራት ወር ልኳል። የመምህሩ ደመወዝ መቆረጡ ቆሟል፤ ቀድሞ የተቆረጠባቸው ግን ገና አልተመለሰላቸውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።