ማን ሰበረው?

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከሦስታችን አንዳችን ለማሙሽ ሱሪ ስናለብሰው ቀኝ እግሩን ቀና አደረግን። እንደ ደረቅ ጭራሮ ‹‹ቀጭ›› የሚል ድምፅ ሰማን። ከዚያ ጩኸቱ መጣ።

የማናችን እጅ እንደነበረ እዚህ አንጽፍም። ቤት ውስጥም መጠየቅ ካቆምን ቆይተናል።

ማሙሽ የቤት ስሙ ነው። 9 ዓመቱ ነው፤ የሁላችንም ታናሽ። ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። ሲወለድ አእምሮው ላይ በደረሰ ጉዳት ጡንቻዎቹ አይታዘዙለትም። አይቆምም፣ አይራመድም፣ በቃል አይናገርም። ሳቅ ግን ያውቅበታል፤ በተለይ አባባ ሲያስነጥስ።

ወሬው ግቢውን ለመዞር ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ‹‹ጥለውት ነው›› ተባለ። አንዲት ጎረቤታችን፣ መቼም ክፋት የላቸውም፣ ጎበዝ ወጌሻ ሊያመጡልን ተነሡ። ድንገተኛ ክፍል ያገኘነው ሐኪም ራጁን ብርሃን ላይ ይዞ ትንሽ ዝም አለና ‹‹ማን ጣለው?›› አለን። እማዬ ‹‹ልጆቼ ወንድማቸውን አይጥሉም›› ብላ መለሰች። መለሰችና ግን እኛን ተራ በተራ አየችን። ያችን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳናትም።

ነገሩን የገለጠችልን ጀሶው ከታሰረለት በኋላ ያየችው ሌላ ሐኪም ናት። የተሰበረው ከጉልበቱ ከፍ ብሎ የጭኑ አጥንት ነበር። ‹‹እንደ እሱ ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት እዚሁ ጋ ነው›› አለች። ‹‹ሲለብሱ፣ ሲታጠቡ፣ የሽንት ጨርቅ ሲቀየርላቸው። መውደቅ አያስፈልጋቸውም።››

እኛ አጥንት ድንጋይ ነገር ይመስለን ነበር። ለካ ዕድሜ ልኩን እድሳት ላይ ያለ ቤት ኖሯል። አፍራሽ ሴሎች አሮጌውን እየፈለፈሉ ያወጣሉ፤ ግንበኛ ሴሎች አዲሱን ይተካሉ። ግንበኞቹን ለሥራ የሚቀሰቅሳቸው ደግሞ ሸክም ነው፤ መቆም፣ መሮጥ፣ ኳስ መጠለዝ፣ ጡንቻ አጥንትን ሲጎትተው። ቆሞ የማያውቅ ልጅ ዘንድ ቀስቃሽ የለም። አፍራሾቹ ግን እረፍት አያውቁም።

ደሙ ሲመረመር ቫይታሚን ዲው በጣም ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ምክንያት ለሚጥል በሽታው ለዓመታት የወሰደው ፌኖባርቢታል ነው፤ መድኃኒቱ ጉበት ቫይታሚን ዲን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሁለተኛው ምክንያት እኛ ነን። ለረጅም ዓመታት ‹‹የ13 ወር ፀሐይ›› እያለች ቱሪስት ስትጠራ በኖረች አገር ወንድማችን ፀሐይ አጥቶ ነበር። ብርድ እንዳይመታው አልን። ዓይን እንዳይበላው አልን። እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ እንግዳ ሲመጣ የጓዳውን በር ገርበብ እናደርግ ነበር።

ስለ መድኃኒቱ የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ቢስፎስፎኔት የሚባሉ መድኃኒቶች ናቸው፤ ፓሚድሮኔት፣ ዞሌድሮኔት እና መሰሎቻቸው። አጥንት ላይ ይለጠፉና አፍራሾቹን ሴሎች ሥራ ያስፈታሉ። በብዛት የሚታወቁት አጥንታቸው ለሳሳ አረጋውያንና ካንሰር አጥንታቸው ውስጥ ለገባ ሕሙማን ሲሰጡ ነው። ፋርማሲ ለፋርማሲ ስንዞር ‹‹ለአያታችሁ ነው?›› ያላለን ፋርማሲስት አልነበረም። ለ9 ዓመት ልጅ ነው ስንል ማዘዣውን ሁለቴ ያነቡታል።

ሐኪሟ አላታለለችንም። በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንደ ማሙሽ ባሉ ልጆች ላይ ፓሚድሮኔትን ሞክሯል። በ18 ወር ውስጥ፣ የጭን አጥንታቸው የታችኛው ጫፍ ጥግግት መድኃኒቱን ባገኙት 89 በመቶ ሲጨምር፣ ባላገኙት የጨመረው 9 በመቶ ብቻ ነው። ስንሰማ ልናጨበጭብ ምንም አልቀረን። ‹‹ቆዩ›› አለችን። ልጆቹ በጠቅላላው 20 እንኳን አይሞሉም። ጥግግት መጨመር አንድ ነገር፣ አለመሰበር ሌላ ነገር ነው። መድኃኒቱ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ብዙ ሐኪሞች ለሁሉም ልጅ አያዙትም፤ እንዲህ በቀላሉ ለተሰበረ ነው የሚያስቡት።

ደግሞም ወረፋ አለው። ቫይታሚን ዲውና ካልሲየሙ ሳይስተካከሉ ከተሰጠ የደም ካልሲየም በድንገት ሊወርድና ልጁን ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ጥርሱም አስቀድሞ መታየት አለበት። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ የማሙሽ መድኃኒት ጠብታ፣ ወተትና በረንዳ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ተሸክመን እናወጣዋለን። መጀመሪያ ሰሞን ፀሐዩ ዓይኑን ሲወጋው ፊቱን ያጨማድድ ነበር። በኋላ ግን ካላወጣነው መጮህ ጀመረ።

መድኃኒቱ እንደ ግሉኮስ ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ በደም ሥሩ ገባለት። ሐኪሟ የመጀመሪያው ዙር ትኩሳትና ቁርጥማት ሊያመጣ እንደሚችል ነግራናለች። ቢሆንም ሌሊቱን ገላው እንደ ምጣድ ሲግል ሦስታችንም አልጋው ዙሪያ ተቀምጠን እርስ በርስ መተያየት ፈራን። አሁንስ ማን ሊባል ነው? በሁለተኛው ቀን በረደለት። ከዚያ ወዲህ በየስድስት ወሩ ሁለት ዙር ወስዷል፤ እንዲህ ያለ ሌሊት ግን አልደገመንም።

አጥንቱ ከተጠገነ በኋላ የሰፈር አናጺ ፊዚዮቴራፒስቷ ባሳየችው ልክ መቆሚያ ሠርቶልናል። በቀን ግማሽ ሰዓት ታስሮ በረንዳው ላይ ይቆማል፤ ቁመቱ ከእማዬ ትከሻ መድረሱን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። እስካሁን ሌላ ስብራት የለም። መድኃኒቱ ይሁን፣ ጠብታው ይሁን፣ ፀሐይዋ ትሁን፣ ወይስ እኛ ሱሪ ማልበስ ስለተማርን፣ ለይተን መናገር አንችልም። አሁን ሱሪውን ሰፋ አድርገን ነው የምናሰፋው። እግሩን አንጎትትም፤ ከሥር ደግፈን ነው የምናነሣው።

እናንተም ቤት፣ ጓዳ ውስጥ፣ የማይቆም ወንድም ወይም እኅት ካለች፣ እስኪሰበር አትጠብቁ። ቫይታሚን ዲውን አስለኩ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሩት። ቢሰበርም ‹‹ማን?›› ብላችሁ አትጀምሩ።

የማናችን እጅ እንደነበረ የማንጽፈውም ለዚህ ነው። በዚያ ቅዳሜ በማናችንም እጅ ይሰበር ነበር። በሩን ግን ሦስታችንም ዘግተነዋል።

ማሙሽ አሁን በረንዳ ላይ ቆሞ ነው። አባባ አስነጠሰ መሰለን።